የኔታ በጆሯቸው ያዩት ሥዕል

በቀደም ሰኞ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ለጎብኚ ሥዕል ከሚሸጡት ትንንሽ ሱቆች ከአንዱ ጓሮ የቆዳ ሙጫ ሲፈላ ሸተተኝ። ሽታውን የማያውቅ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፍ፤ የረጠበ ቆዳና የከረመ መረቅ አንድ ላይ የተቀቀሉ ይመስላል። እኔ ግን ቆምሁ። ሙጫውን በእንጨት የምታማስለው ሴት ቀና ብላ አየችኝና “ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት፤ ሸራውን ይህን ካላጠጣሁት ቀለሙ አይይዝልኝም” አለች። የከፋኝ መስሏት ነው። “ግዴለም ልጄ፣ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያፈሉት” አልኋት። “ሠዓሊ ነበሩ?” አለችኝ። “ነበሩ” አልሁ። “እርስዎስ?” ስትለኝ የያዝሁትን ደብተር በጋቢዬ ሸፈን አደረግሁና መንገዴን ቀጠልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እርሳስ ከእጄ ሳይጠፋ አርጅቼ፣ ሰው ሠዓሊ ነህ ወይ ሲለኝ ዛሬም ምን እንደምመልስ አላውቅም።

አባቴ ዘጌ የሚኖሩ መሪጌታ ነበሩ። ቅኔውንም ዜማውንም ያስተምራሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ዝናብ የላጠውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያድሳሉ፣ አዲስ ሥዕል ይሥላሉ። መንደሩ በሙሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም ከተማሪዎቻቸው ጋር አብሬ የኔታ እያልሁ አደግሁ። አባዬ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። እሳቸው ዘንድ ሥዕል ሕግ አለው። የጻድቅ ፊት ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ የክፉ ሰው ፊት በጎን ይሆንና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። እኔ ደግሞ የምሥለው ያገኘሁትን ነበር፦ እንጨት ተሸክማ ከጀልባ የምትወርድ ሴት፣ ደንገል የሚያጭድ ሰው፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ ክንፉን ለፀሐይ የሚያሰጣ ወፍ። ወረቀቴን ያነሡና “ይህ ሰውዬ ጻድቅ ነው ኃጥእ?” ይሉኛል። “ዓሣ አስጋሪ ነው፣ የኔታ” እላለሁ። ይስቃሉ። አንድ ቀን እሳቸውን ልሥላቸው ብዬ ስጠይቃቸው “በየት በኩል ልትሥለኝ? ፊቴን ሙሉ እንዳታደርገው ጻድቅ አይደለሁ፤ በጎን እንዳታደርገው እናትህ ከመቃብሯ ትቆጣሃለች” ብለው ከለከሉኝ። ከሁሉ የሚያናድዳቸው ግን የእጄ መክበድ ነበር። እርሳሱን ስለምጫነው ወረቀቱ በጀርባው በኩል ሰንበር ያወጣል። “ወረቀቱን አትረሰው! ማሳ አይደለም!” እያሉ ጣቴን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ ያደርጉኝ ነበር።

ቦታቸውን እንድወርስ ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን ጢሜ በወጉ ሳይወጣ ባሕር ዳር ገባሁና ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያው ክፍል ተቀጠርሁ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ፀሐይ ሳይበረታ ከዳር እስከ ዳር በእግር ተሂዶ የምታልቅ ከተማ ነበረች። ብስክሌት የሌለው ሰው እንደሌለ ነበር የሚቆጠር፤ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በደወል ይሞላል፣ ሴቶቹ ነጠላቸው ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ወገባቸው ላይ አሥረው በሁለት በሁለት እየሆኑ ያልፋሉ። እኛ ወጣቶቹ እግሩ የሰፋ ቴትሮን ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻ የሚደርስ ሸሚዝ ነበር የምንለብስ። ዓሣ ጥብስ በስሙኒ ይበላል፤ የዘጌ ጀልባ በሽልንግ ያሻግራል። ጀልባው ላይ አንድ ቴፕ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ ድምፁ ይጎተትና ሽማግሌ ይሆናል። ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ ሰው በጥፍሩ ይታወቃል። ጥፍሬ ሰማያዊ ከሆነ ፋብሪካው በዚያ ሳምንት ሰማያዊ እያወጣ ነው ማለት ነው። ዛሬ ያንን መንገድ ሳልፍ ባጃጁ፣ ካፌው፣ የስልክ ካርድ የሚሸጠው ልጅ እንጂ የማውቀው ፊት አላገኝም። ዘንባባዎቹ ብቻ ናቸው የማውቃቸው፤ እነሱም ከእኔ በላይ አድገዋል።

ደብተር የምሠራው ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚጣል ወፍራም ወረቀት ነበር። ለምኜ እወስድና በእኩል ቆርጬ በመርፌና ክር እሰፋዋለሁ። ለቀለም የተሰነጠቀ ስኒ ውስጥ የተራረፈ ዱቄት በጥብጬ ነበር የምጠቀም፤ የደረት ኪሴ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የተቀረጸ እርሳስና ላጲስ ይኖራል። ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ በቀን አንድ ገጽ። ቢያምርም ባያምርም፣ የጠዋት ፈረቃ ቢሆን የማታ፣ አንድ ገጽ ሳልሞላ አልተኛም። ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር እቀመጥና ታንኳ እሥላለሁ፤ ዝናብ ከሆነ የራሴን ጫማ እሥላለሁ። እንዲህ ሆኖ የጀመረ ነገር ነው እስከ ዛሬ ያለው። አልጋዬ ሥር ያሉት ካርቶኖች ሁሉ ደብተር ናቸው። ለማንም አሳይቻቸው አላውቅም፤ ለሁለት ሰው ብቻ በቃል ተናግሬያቸዋለሁ።

የኔታ ዓይናቸውን የታመሙት እኔ ባሕር ዳር ገብቼ ጥቂት ዓመት እንደቆየሁ ነው። መጀመሪያ የግራውን ሞራ ጋረደው፣ ቀጥሎ የቀኙን። ጎንደር ድረስ ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ ደህና አድርጎ አይቶ፣ ሞራው ቢገፈፍ እንኳ ከጀርባው ባለው ሕመም የተነሣ ብርሃናቸው እንደማይመለስ በለሆሳስ ነገረን። ቤት እንደገባን ታላቅ እህቴን እታለምን ጠሩና “ቀለሞቹን ለተማሪዎቹ አካፍያቸው፤ ብሩሾቹን ግን አትንኪብኝ” አሏት። ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ደብተሬን ይዤ ሄድሁ። ከቅዳሴ መልስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የወረቀት ድምፅ ሰሙ። “ምን ይዘሃል?” አሉኝ። “ደብተሬን ነው።” “እስቲ ንገረኝ” አሉ።

እንዲህ ተጀመረ። በየእሁዱ የሳምንቱን ሥዕል አንድ በአንድ በቃል እነግራቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚሰሙ። “ከየት ጀመርህ?” ይሉኛል። “ከታንኳው አፍንጫ።” “ተሳስተሃል፤ ከውሃው ጀምር። ውሃ ያልያዘውን ታንኳ ማን ይሳፈረዋል?” ደግሞ “ብርሃኑ በየት ነው የሚመጣ?” ይላሉ። “በግራ።” “ታዲያ ቅድም በቀኝ በኩል ያለው የሰውየው ጉንጭ በርቷል ያልኸኝ ለምንድን ነው?” ደብተሩን አያለሁ፤ እውነትም በቀኝ በኩል ያለውን ነው ያበራሁት። ዓይን ሳላቸው አንድም ቀን ያላመሰገኑትን ሥዕል በጆሯቸው አይተው ያመሰግኑት ነበር። እኔም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምሥለው እሁድ ስነግራቸው እንዲያምር ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው ጥቂት ነው።

በዚያው ዘመን የሺን አገባሁ። የአንበሳሜ አገር ልጅ ናት፤ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ ከሚያጥፉት ሴቶች አንዷ ነበረች። የኔታ ዓይናቸው ሳያይ ዜማውን እየመሩ በቁርባን ተጋባን። ልጃችን ትዕግሥት ስትወለድ የኔታ ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱና “ግንባሯ የእናትህ ነው” አሉኝ። የሺን ስንት ጊዜ እንደሣልኋት ቁጥር የለውም። ጥጥ ስትፈትል፣ ስትተኛ፣ ልጅ ስታጥብ፣ መስኮት ላይ ተደግፋ ዝናብ ስትመለከት። እኔ ፍቅር ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት ስትልጥ እየሣልኋት ሳለ ቀና ሳትል “አንተ ታየኛለህ እንጂ አታናግረኝም” አለችኝ። ቢላዋውን አስቀመጠችና ቀጠለች፦ “ከሥራ ትመጣለህ፣ ትበላለህ፣ ትሥለኛለህ። ስንት ወር ሆነ እንዴት ዋልሽ ካልኸኝ?” እኔ የመለስሁላትን ዛሬም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። “ቆይ፣ እጅሽን አታንቀሳቅሺው” ነው ያልኋት።

ከዚያም ቶሎ አልሄደችም። ብዙ ታገሠችኝ። አንድ ቀን ከጠዋት ፈረቃ ስመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ምሳዬ ተከድኖ፣ ቁልፉ አከራያችን እማማ ብርቄ ዘንድ ተቀምጦ አገኘሁት። “ልጅቱን ይዛ ደሴ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄደች” አሉኝ እማማ ብርቄ። “እስከ መቼ?” አልኋቸው። ሴትዮዋ መሬት መሬት እያዩ “ምሳህን ሳይቀዘቅዝ ብላ” አሉኝ። ገብቼ ሣጥኑን ከፈትሁ። ልብሷን ወስዳለች፤ የትዕግሥትን ጫማ ወስዳለች። እሷን የሣልሁባቸው ደብተሮች ሁሉ እንደተደረደሩ አሉ። አንዲት ገጽ እንኳ አልወሰደችም።

በዚያ ቀን ገጹን መሙላት አቃተኝ። በማግሥቱም እንደዚያው። እርሳሱን እይዘዋለሁ፣ ነጩ ወረቀት ፊቴ አለ፣ እጄ አይታዘዝም። እሁድ ሲደርስ ለየኔታ ሁሉን ልነግራቸው ቆርጬ ጀልባው ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ስደረድር ሄድሁ። ደጃፋቸው ደርሼ ጉልበታቸውን ስስም ገና ሳልቀመጥ “እህ፣ ሳምንቱን ምን ሣልህ?” አሉኝ፤ ፊታቸው ሁሉ ጠብቆኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ፊት ላይ እንዴት ተብሎ ነው ሚስቴ ጥላኝ ሄደች፣ ቁርባኑ ፈረሰ የሚባል? “የሺን ሣልሁ” አልሁ። “የትዕግሥትን ጠጉር ሹሩባ ስትሠራ።” “ልጅቱ ትቀመጥላታለች?” “ታለቅሳለች። እናቷ በጉልበቷ መሃል ይዛታለች።” የኔታ ሣቁ። ባዶውን ገጽ ፊት ለፊቴ ይዤ፣ የእናትየውን ጣት፣ የልጅቱን የተኮሳተረ ግንባር፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ማበጠሪያ አንድ በአንድ ተናገርሁ።

ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻልሁም። አንዱ እሁድ ሌላውን እየወለደ ወራት አለፉ። ትዕግሥት ዓሣ ስትበላ፣ የሺ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለቱ ሐይቁ ዳር እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው። ደሴ ያሉትን ሰዎች ባሕር ዳር አስቀምጬ አለብሳቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። ከልቤ ነው የምናገር፣ ስሥላቸው ካየኋቸው ይልቅ እንዲህ በቃል ስናገር ነበር ይበልጥ የማያቸው። እታለም ጓዳ ሆና “የሺ ምነው ጠፋችብን?” ስትለኝ “ፈረቃዋ አልገጥም ብሏት ነው” እላታለሁ። ማታ በጀልባ ስመለስ ግን ክፍሌ ውስጥ የሚጠብቀኝ የለም። ብርድ ልብሴን እንኳ አላነጥፈውም ነበር።

አንድ እሁድ የኔታ እጃቸውን ዘረጉና “ደብተሩን ወዲህ በል” አሉ። ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። በዚያ ዕለት የነገርኋቸው የሺ መሶብ ሥር ተቀምጣ ልጅቱን ስታጎርሳት ነው። የቀኝ እጃቸውን አመልካች ጣት ገጹ ላይ አኑረው ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው አወረዱት። ከዚያ ወደ ጎን። ገጹን ገለጡና በጀርባው በኩል ዳሰሱ። ሌላ ገጽ ገለጡ፤ እሱንም ዳሰሱ። እኔ ጣታቸውን አያለሁ። ደብተሩን ከደኑና መለሱልኝ። “ፊቷን ደህና አድርገህ ይዘኸዋል” አሉ። እኔም እያወቁ ይሁን ሳያውቁ መለየት አቅቶኝ፣ በሚቀጥለው እሁድ መጥቼ ያንኑ ቀጠልሁ፤ እሳቸውም “ከየት ጀመርህ?” እያሉ መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

ክረምቱ ሲገባ የኔታ ታመሙ። ሐይቁ ስለሚቆጣ ጀልባው ሁለት እሁድ ቀረ፤ በሦስተኛው ስደርስ አልጋ ላይ አገኘኋቸው። እታለም ውጭ ወጣች። “ምን ሣልህ?” አሉኝ በደከመ ድምፅ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ ቀጥኗል። ያን እጅ እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

“የኔታ፣ የሺ ሄዳለች” አልኋቸው። “ልጅቱንም ይዛ። ዓመት ሊሞላት ነው። ሥዕልም የለም። ምንም አልሣልሁም።”

“አውቃለሁ” አሉ።

“ማን ነገረዎት?”

“ማንም አልነገረኝ። አንተ የሣልኸው ወረቀት ይታረሳል። እኔ የዳሰስሁት ለስላሳ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

“ከተናገርሁህ ታፍርና መምጣት ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነኝ። ውሸትም ቢሆን እሁድን እጠብቀው ነበር” አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። “አንተ እዚያ ብቻህን፣ እኔ እዚህ ብቻዬን፤ ሁለታችን በሌለች ሴት ሥዕል ስንጽናና ከረምን። ይበቃናል። ሄደህ ልጅቱን ፈልጋት። ስታገኛት አትሣላት፤ አነጋግራት።”

መስከረም ሲጠባ ፈቃድ ወስጄ ደሴ ሄድሁ። ደብተሬን እቤት ጥዬው ነው። የሺ በወንድሟ ግቢ በአንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እየሰፋች ነበር የምትኖር። በክብር ተቀበለችኝ፤ ውሃ ለእጄ አፈሰሰችልኝ። “እንመለስ” አልኋት። “አይሆንም” አለችኝ፣ ሳትቆጣ። “ተቀይሜህ አይደለም። እዚህ የሚያናግረኝ ሰው አገኘሁ። ልጅህን ግን አልከለክልህም።” ትዕግሥት መጋረጃው ኋላ ተደብቃ ስታየኝ ቆየች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። የምለው ጠፋኝ፤ ሰው ማናገር አላውቅበትም ነበር። በመጨረሻ “ዛሬ ምን ዋልሽ?” አልኋት። መጋረጃውን እንደያዘች ስለ አንዲት ዶሮ ነገረችኝ። ዶሮዋ እንቁላሏን አጥር ሥር ትጥላለች፣ ጎረቤት ይወስደዋል፣ አጎቷ ይናደዳል። እስኪመሽ ድረስ ስለዚያች ዶሮ አወራን።

ተመልሼ ለየኔታ የሆነውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋቸው። በእጄ ወረቀት አልነበረም። ዶሮዋ ጋ ስደርስ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ፤ የሺ ያለችኝን ስነግራቸው ደግሞ “እውነቷን ነው” አሉ። ከዚያ እታለምን ጠርተው ብሩሾቹን አስመጡና እጄ ላይ አኖሩልኝ። በማግሥቱ እንደገና መሣል ጀመርሁ። የኔታ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ሲያርፉ እኔ አልነበርሁም፤ ሐይቁ ተነሥቶ ጀልባ ቀርቶ ነበር። ማዶ ማዶውን እያየሁ ዳር ላይ ዋልሁ። ቀብራቸው ላይ የደረስሁት በየብስ፣ በጭቃ፣ ዘግይቼ ነው።

አሁን ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። እታለምም አለፈች፤ የሺም አርፋለች ብለው ነገሩኝ። በጠዋት ተነሥቼ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። እምቦጩ የገባበት ውሃ አረንጓዴ ሜዳ መስሏል፤ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ወጣቶቹ በስልካቸው ፎቶ ይነሣሉ፣ አንዳንዴ እኔንም ጨምረው ያነሡኛል። አንድ ገጽ ሞልቼ እመለሳለሁ። አብሮኝ ይሥል የነበረ ጓደኛ የለም፤ ደብተሩን ገልጦ ይህ ምንድን ነው የሚለኝ የለም። አንዳንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ “ከውሃው ነው የጀመርሁት” እላለሁ። ግድግዳው ያዳምጠኛል።

ትዕግሥት ሐዋሳ ነው የምትኖር፤ ባልና ሦስት ልጆች አሏት። ኔትወርክ ያለ እንደሆነ እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች። ሥራ የሚበዛባት ሴት ናት። “ምን ሣልህ አባዬ?” ትለኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ፣ እሷም በመሃል ልጅ እየተቆጣች፣ ድስት እያነሣች “እሺ፣ እሺ፣ ጎበዝ” ትለኛለች። አልቀየማትም። ስለ እኔ እንዳትሰጋ ደግሞ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምላት። ሰዎች ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ ዛሬ እነ እገሌ ነበሩ እላታለሁ። የሉም።

ዛሬ፣ እሁድ፣ ስትደውል ቤቷ እንደልማዱ በልጆች ድምፅ ተሞልቶ ነበር። “አባዬ እንዴት ነህ? ምን ሣልህ?” አለችኝ። ፔሊካን ሣልሁ ልላት አፌን ከፈትሁ።

“አልሣልሁም” አልኋት። “ከሰኞ ወዲህ እጄ እምቢ ብሎኛል።”

“ምነው? አመመህ እንዴ?”

“አላመመኝም። ሰው አጣሁ፣ ትዕግሥት። ይመጣሉ የምልሽ ሰዎች የሉም። ሳምንቱን ሙሉ ከዳቦ ሻጯና መንገድ ላይ ካገኘኋት አንዲት ሠዓሊ በቀር ያናገርሁት የለም።”

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። መልሼ ሳስጠጋው “አንድ ጊዜ፣ አባዬ” ስትል ሰማሁ። ልጆቹን “ውጭ ተጫወቱ” ስትላቸው፣ በር ሲዘጋ፣ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

“እሺ” አለችኝ። “ተቀምጫለሁ። ንገረኝ።”